«ሲኒ» ከየት መጣ? ሳህኑስ ሲኒ ሊባል ይችላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የቤት ዕቃ እሸጣለሁ። ነጫጭ የፖርሴሊን ሳህኖች፣ ጎድጓዳ ሳህኖችና የቡና ሲኒዎች አንድ ላይ ይመጡልኛል። አንድ ደንበኛዬ ‹ሲኒ የአፈሩ ስም እንጂ የመጠጫው ስም አይደለም፤ ሳህኑም ሲኒ ነው› አሉኝ። ሌላው ደግሞ ቃሉ ከሲና ተራራ የመጣ ነው አለ። ለመሆኑ ሲኒ ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ? ሳህኖቹ ላይ ‹የሲኒ ሳህን› ብዬ ብለጥፍ ስሕተት ይሆናል?»

የመጀመሪያው ደንበኛዎ የተናገሩት ለዐረብኛው ልክ ነው፤ ለዛሬው አማርኛ ግን አይሠራም። የሁለተኛው ግን ለሁለቱም አይሆንም። ምክንያቱን ላስረዳ።

«ሲኒ» ከዐረብኛ የተወሰደ ቃል ነው። ዐረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታል። መጨረሻው ላይ የምትገባው «ኢ» አንድ ነገር ወይም ሰው የየት አገር እንደሆነ የምታሳይ ቅጥያ ናት፤ ከሂንድ (ሕንድ) ሂንዲ፣ ከየመን የመኒ እንደሚባለው ማለት ነው። በእኛ «‑ዊ» ብንመልሳት «ሲኒ» ቁርጥ ያለ ትርጉሙ «ቻይናዊ» ነው። ሰው ሊሆን ይችላል፣ ጨርቅ ሊሆን ይችላል፣ ዕቃም ሊሆን ይችላል። ቃሉ በራሱ ስለ ቡናም ሆነ ስለ መጠጫ የሚናገረው ነገር የለም።

እንዲህ ያለው ቅጽል ዕቃውን ጥሎ ብቻውን ስም ሆኖ መቅረቱ ነጋዴ ባለበት ሁሉ የሚታይ ነው። መጀመሪያ «ቻይናዊ ሳህን»፣ «ቻይናዊ ዋንጫ» ይባላል፤ ዕቃው ሲለመድ ሰው ሁለተኛውን ቃል መጥራት ይሰለቸዋል፤ «ቻይናዊ» ብሎ ያልፋል። በአማርኛ «ብርቱካን» የምንለው ፍሬ ስሙን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ የዐረብኛው «ቡርቱቃል» ፖርቹጋል ማለት ነው፤ ፍሬውን ወደ ሜዲትራንያን ባሕር አካባቢ በብዛት ያመጡት ነጋዴዎች አገር ስም ፍሬው ላይ ቀረ። ዛሬ ብርቱካን የሚልጥ ሰው ፖርቹጋልን አያስብም፤ ሲኒ የሚያጥብም ቻይናን አያስብም።

ቻይና ለዕቃ ስሟን ልትሰጥ የቻለችው ሌላው ዓለም ያንን ዕቃ መሥራት ስላልቻለ ነው። ፖርሴሊን ከሁለት ነገር ይሠራል፤ አንዱ ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ አፈር ሲሆን፣ ሌላው ሲቃጠል ቀልጦ እንደ መስታወት የሚሆን የተፈጨ ድንጋይ ነው። «ካኦሊን» ራሱ የቦታ ስም ነው፤ ጂንግደዠን ከተባለችው የቻይና የሸክላ ከተማ አጠገብ ካለው ጋኦሊንግ ኮረብታ የመጣ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው ወደ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ሲቃጠሉ ድንጋዩ ቀልጦ አፈሩን ያስተሳስረዋል፤ ዕቃው ነጭ፣ ጠንካራ፣ ውሃ የማይመጥ ይሆናል። የቤታችን ሸክላ የሚተኮሰው ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ስለሆነ ገሉ ቀዳዳዎቹን እንደያዘ ይቀራል፤ ውሃ የሚመጠውም ለዚህ ነው። አውሮጳውያን ምስጢሩን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1708 አካባቢ በጀርመን ሳክሶኒ ውስጥ ነው፤ በ1710 ማይሰን ላይ ፋብሪካ ተቋቋመ። ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እውነተኛውን ፖርሴሊን የፈለገ ሰው ዓይኑን ወደ ምሥራቅ እስያ ማዞር ነበረበት።

ዐረቦች ደግሞ በዚህ ንግድ ቀዳሚዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ851 የተጻፈ የነጋዴዎች ዘገባ ቻይናውያን ከምርጥ አፈር ሠርተው ውሃው በውጭ በኩል እስኪታይ ድረስ ያሳሱትን ዋንጫ በአድናቆት ይገልጻል። በ1998 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የተገኘው የሰመጠ መርከብ ከዚያው ዘመን ነው፤ ሳንቃው በምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፋ፣ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ አሠራር ያለው መርከብ ነበር። ከውስጡ ወደ 60,000 የሚደርስ የቻይና ሸክላ ወጣ፤ አንዱ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ከ826 ጋር የሚገጥም ቀን ተጽፎበታል። አብዛኛው ዕቃ እውነተኛ ፖርሴሊን ሳይሆን ከእሱ ዝቅ የሚል ጠንካራ ሸክላ ነበር፤ ነጩ ጥቂት ነው። ያም ሆኖ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሁሉም «ሲኒ» ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የትርጉም ለውጥ ለጥያቄዎ ዋናው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1038 የሞተው የፋርሷ ኒሻፑር ከተማ ጸሐፊ አስ‑ሰዓሊቢ እንደመሰከረው፣ ዐረቦች በጥንቃቄና በረቀቀ እጅ የተሠራ ዕቃን ሁሉ፣ የትም ይሠራ የት፣ «ቻይናዊ» ይሉት ነበር። ቃሉ ገና በዚያ ዘመን ከአገር ስምነት ወደ ጥራት ስምነት ተሻግሯል ማለት ነው። የሴቴው መልኩ «ሲኒያ» ደግሞ ምግብ የሚቀርብበት ትልቅ ዝርግ ዕቃ ስም ሆነ፤ ቀስ በቀስ ከመዳብና ከነሐስ የተሠራውንም ትሪ ሁሉ ያዘ። ስዋሂሊ «ሲኒያ» ብሎ ትሪን የሚጠራው ከዚህ ወስዶ ነው። ከነሐስ የተቀጠቀጠ ትሪ «ቻይናዊት» ሲባል አስቡት!

ቱርክኛ ደግሞ አንዱን ቃል ሁለት ጊዜ ወስዶታል። «ቺኒ» ብሎ በልባስ (እንደ መስታወት በሚያበራ ሽፋን) የሚያብረቀርቀውን ጌጠኛ የግድግዳ ሸክላ ይጠራል፤ «ሲኒ» ብሎ ደግሞ ሰዎች ዙሪያውን ተቀምጠው የሚበሉበትን ትልቅ ክብ ትሪ። አንደኛው ከፋርስኛ «ቺኒ»፣ ሁለተኛው ከዐረብኛ የመጣ ነው። ይህ ጥንድ ለእኛም ይጠቅመናል። ፋርስኛ «ች» ድምፅ አለው፤ ቻይና «ቺን»፣ ዕቃዋ «ቺኒ» ነው። መደበኛው ዐረብኛ «ች» ስለሌለው ያንን ድምፅ «ሷድ» በሚባለው ጠንካራ ፊደል ተካው፤ «ቺን» «ሲን» ሆነ። አማርኛ ግን «ች»ም «ጭ»ም አለው። ቃሉ ከፋርስ ወይም ከሕንድ ነጋዴ አፍ በቀጥታ ተወስዶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ «ቺኒ» እንል ነበር፤ የሕንድና የፓኪስታን ሰዎች እስከ ዛሬ ፖርሴሊንን «ቺኒ ሚቲ»፣ የቻይና አፈር፣ እንደሚሉት። «ሲኒ» ማለታችን ቃሉ በዐረብኛ አፍ አልፎ ለመምጣቱ በቂ ምልክት ነው።

እግረ መንገዴን፣ እንግሊዞች የፖርሴሊን ዕቃን በቻይና ስም የሚጠሩትም በፋርስኛው «ቺኒ» ምክንያት ነው፤ በሕንድ ንግድ በኩል ደርሷቸዋል። የአገሩ ስም ራሱ ከየት መጣ ከተባለ ብዙዎቹ ምሁራን የሚያመለክቱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ቻይናን አንድ ያደረገውን የቺን መንግሥት ነው፤ ስሙ በሳንስክሪት «ቺና» ተብሎ ከዚያ ወደ ፋርስኛ አለፈ። ስለዚህ በአማርኛ «ቻይና» እና «ሲኒ» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንዱ በአውሮጳ ዞሮ፣ አንዱ በዐረብ በኩል መጣ። «ፖርሴሊን» ግን ከዚህ ዘር ውጭ ነው። የጣልያንኛው «ፖርቸላና» መጀመሪያ የዛጎል ስም ነበር፤ የዕቃው ገጽ እንደ ዛጎል ልሙጥና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ስሙን ወሰደ። ማርኮ ፖሎ ቃሉን ለሁለቱም ተጠቅሞበታል።

አሁን ወደ ሲና ተራራ። የድምፅ መመሳሰሉን አልክድም፤ በአማርኛ ፊደል ሁለቱም በ«ሲ» ይጀምራሉ። በዐረብኛ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሲና የሚጻፈው በቀላሉ «ሲን» ፊደል ነው፤ ቻይና የምትጻፈው በ«ሷድ» ነው። ለአማርኛ ጆሮ ልዩነቱ ጠፋ እንጂ ለዐረብ ጆሮ «ሰ» እና «ጸ» ለእኛ እንደሚለያዩት ይለያያሉ። ከታሪክ አንጻርም ሲና የነጭ ሸክላ አገር ሆና አታውቅም። ከመጽሐፍ ቅዱስ «የሲኒም አገር»፣ ማለትም ከኢሳይያስ 49፥12፣ ጋር የሚያያይዙም ያጋጥሙኛል። ቀድሞ አንዳንድ ተርጓሚዎች «ሲኒም» ቻይና ናት ይሉ ነበር፤ ነገር ግን በሙት ባሕር አጠገብ የተገኘው የኢሳይያስ ጥቅል ቃሉን በሌላ መልክ ስለሚጽፈው፣ ዛሬ አብዛኛው ተመራማሪ በግብፅ ያለችውን አስዋንን ነው የሚያስበው። ቻይና ብትሆን እንኳ የቡና ሲኒ ስሙን ከነቢይ አይወስድም፤ ከነጋዴ ነው እንጂ።

የ«ሷድ» ነገር ከተነሳ ትንሽ ልቆይበት፤ ለእኔ የዚህ ጥያቄ ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው። አማርኛና ዐረብኛ ዘመዳሞች ስለሆኑ «ቃሉ ከጥንት አብሮን የነበረ ለምን አይሆንም?» የሚል ይኖራል። የሚለየው በዚህ ፊደል ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ከጥንት ያሉ ቃላት ዐረብኛ «ሷድ» ባለበት ቦታ ላይ በግእዝ «ጸ» ያሳያሉ። ዐረቡ «ሲድቅ» ሲል ግእዙ «ጽድቅ» ይላል፤ ዐረቡ «ሰውም» ሲል ግእዙ «ጾም»፣ የአማርኛ ተናጋሪውም «ጾም» ወይም «ጦም» ይላል። ዘግይተው በንግድና በጉርብትና የገቡት ግን በ«ሰ» ናቸው፤ ሳሙና፣ ሳንዱቅ፣ ሰንደል። በዐረብኛ ሁሉም በ«ሷድ» የሚጀምሩ ናቸው። ምክንያቱ የዐረቡ «ሷድ» እንደ እኛ «ጸ» ከጉሮሮ ተገትቶ የሚፈነዳ ድምፅ ስላልሆነ ነው፤ ምላስ ወደ ኋላ ተስቦ የሚነገር ወፍራም «ሰ» ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው «ሰ» አድርጎ ይቀበለዋል። («ጣሳስ?» የሚል አንባቢ ካለ፣ እሱም ከዐረብኛ «ጣሳ» ነው፤ የዚያ «ጣ» ግን ሌላ ፊደል ስለሆነ በ«ጠ» ገባ።)

ከዚህ ሁሉ የሚጥመኝ ምሳሌ ግን ሳህን ነው፤ እርስዎም ከሲኒው ጋር አብረው ይሸጡታል። በግእዝ «ጻሕል» አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሥጋው የሚቀመጥበትን ዝርግ ዕቃ እስከ ዛሬ የምትጠራው በዚህ ስም ነው። ዐረብኛው ደግሞ «ሰሕን» በ«ሷድ» ነው። ሁለቱ የአንድ ጥንታዊ ሥር ዘመዶች ናቸው። ከዘመናት በኋላ የዐረቡ ቃል በገበያ በኩል ተመልሶ መጣና «ሳህን» ሆነ፤ እንጀራና ወጥ አቀራራቢ ሆኖ ማዕድ ቤት ገባ። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ በቅዳሴ «ጻሕል»፣ በቤቱ «ሳህን» ሲል ሁለት ዘመዳሞች መሆናቸውን ሳያውቅ ይኖራል። የመጠጡም ነገር እንዲሁ ነው፤ «ጽዋ» የቤተ ክርስቲያኑና የማኅበሩ ሆኖ ሲቀር የቤቱን ቦታ ኩባያ፣ ፍንጃልና ሲኒ ያዙት፤ ሦስቱም ከዐረብኛ መጡ። ሹካም ዐረብ ናት፤ «ሸውካ»፣ እሾህ ማለት ነው። የዕቃ መደርደሪያዎ አንድ ሦስተኛው ዐረብኛ ይናገራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

መቼ ገባ? ዓመቱን ቆርጦ መናገር አይቻልም፤ ዕቃው ግን ቀድሞ መምጣቱ ይታወቃል። ድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሐርላ በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል የተመራው ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ እንዳደረገው፣ ከ10ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በነበረችው የንግድ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከማዳጋስካር ዕቃ ጋር የቻይና ሸክላ ስብርባሪም ተገኝቷል። ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋው የሚወጣው የግመል ቅፍለት የተሸከመው ነገር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስብርባሪ ስሙን አይናገርም። ዕቃ መግባቱ ቃሉም ያኔውኑ በአማርኛ ለመለመዱ ማስረጃ አይሆንም፤ የጥቂት ሹማምንትና የባለጸጋ ነጋዴዎች ንብረት የሆነ ነገር በገበሬ ቤት ስም አያወጣም።

ቃሉን የሁሉም ቤት ያደረገው ቡና ነው የሚል እምነት አለኝ። ለረጅም ጊዜ በክርስቲያኑ ደጋ ቡና የእስላም መጠጥ ተብሎ ይነቀፍ ነበር፤ ያ አመለካከት የላላው በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ በተለይም ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡ በነበረበት፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥላቻ ባለዘቡበት ዘመን ነው። ቡናው ወደ ክርስቲያኑ ቤት ሲገባ ቀድሞ ከጠጡት ከሙስሊሞቹ ቤት ዕቃውንና ቃላቱን ይዞ ገባ። ልብ ብለው ያዳምጡ፦ ጀበና ዐረብኛ ነው፤ ሲኒ ዐረብኛ ነው፤ አቦል ከ«አወል»፣ አንደኛ፤ ቶና ከሁለተኛው፤ በረካ በረከት ነው። ሙቀጫና ዘነዘና፣ ምጣድና መቁላት ግን የራሳችን ናቸው። ቡና መውቀጫ ቤቱ ቀድሞም ነበረው፤ አዲስ የመጣው መቅጃውና መጠጫው ነበር፤ ስሙም አብሮት መጣ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ደግሞ የአማርኛ ብቻ ታሪክ ነው። ዐረብኛው «ቻይናዊ»፣ ቀጥሎም «ፖርሴሊን» ሲል አማርኛ ተናጋሪ በቤቱ የነበረው የዚያ ዓይነት ዕቃ በአብዛኛው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የቡናው መጠጫ። ምግብ በገበታና በመሶብ፣ ወተት በቅል፣ ጠላ በዋንጫ ነበር። ነጭ የሚያብረቀርቅ ዕቃ ማለት ያቺ ትንሽ እጀታ የሌላት ዋንጫ ነበረች። ስለዚህ የአፈሩ ስም የመጠጫው ስም ሆነ። ዛሬ «የፕላስቲክ ሲኒ»፣ «የብርጭቆ ሲኒ»፣ «የሸክላ ሲኒ» ስንል ማንም ግር አይለውም። የመጀመሪያው ደንበኛዎ እንዳሉት ሲኒ የአፈሩ ስም ሆኖ ቢቀር ኖሮ «የፕላስቲክ ሲኒ» ማለት «የፕላስቲክ ፖርሴሊን» ይሆንና አፍ አይገባም ነበር። ቋንቋው ወስኗል፦ ሲኒ ቅርጽና አገልግሎት ነው፤ አነስተኛ፣ እጀታ የሌለው የቡና መጠጫ። መለኪያም ሆኗል፤ «አንድ ሲኒ ቡና» ሲባል ስለ ዕቃው አይደለም፣ ስለ መጠኑ ነው። ኦሮምኛም «ሲኒ» ይላል። ትግርኛ ግን በአብዛኛው «ፍንጃል» ነው፤ ዐረብኛው «ፊንጃን» ከፋርስኛ የመጣ ሲሆን በ«ል» የሚያበቃው አባባል በየመንና በግብፅም ይሰማል፤ እኛ አልለወጥነውም። (በብርቱካን ተቃራኒው ነው፤ እዚያ «ል»ዋ በ«ን» ተተካች፤ ያም ዐረቦቹ ራሳቸው በሁለቱም የሚሉት ነው።)

እጀታ የሌለው መሆኑም የቻይና ቅርስ ነው። የቻይና የሻይ ዋንጫ እጀታ አልነበረውም፤ አውሮጳውያን መጀመሪያ ሲኮርጁት እንዲሁ ያለ እጀታ ሠሩት፤ እጀታ የጨመሩት በኋላ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። የእኛ ሲኒ ያንን ጭማሪ አላየም። ለዚህ ነው ቡና ቀጂ እስከ አፉ የማትሞላው፤ ጠጪው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ከንፈሩን፣ በመሃል ጣቱ ከታች እግሩን ይይዛል፤ ያ ቦታ ካልቀረለት ይቃጠላል።

አጻጻፉን በተመለከተ «ሲኒ»ም «ስኒ»ም ይታያል። የቃሉ የመጀመሪያ አናባቢ በዐረብኛ ረጅም «ኢ» ስለሆነ «ሲኒ» ለምንጩ ይቀርባል፤ «ስኒ» ግን ከንግግሩ የመጣ ነው፤ ብዙ ሰው ሲናገር የመጀመሪያዋን ያሳጥራታል። ለማስታወቂያ የምመርጠው «ሲኒ»ን ነው፤ ሌላውን የጻፈን ግን ተሳስተሃል አልለውም። ብዙ ቁጥሩ «ሲኒዎች» ነው፤ በቁጥር ሲሆን ግን «ስድስት ሲኒ» ማለት ይበቃል።

ስለ መለያ ጽሑፉ። «የሲኒ ሳህን» ብለው አይለጥፉ። ገዢው የሚረዳው ከፖርሴሊን የተሠራ ሳህን ብሎ አይደለም፤ ሲኒው የሚቀመጥባትን ትንሿን ሳህን ነው የሚያስበው፤ ሊገዛ የመጣው ትልቅ የምግብ ሳህን ከሆነ ሳያየው ያልፋል። «የፖርሴሊን ሳህን» ይበሉ። ግን እውነት ፖርሴሊን ከሆነ ብቻ፤ ነጭ ሁሉ ፖርሴሊን አይደለምና። ዕቃውን ይገልብጡትና ታች ያለውን ክብ እግር ይዩ። እዚያ ልባስ የለውም፤ ስለዚህ እውነተኛ መልኩን ያሳያል። ነጭና ልሙጥ ከሆነ፣ እርጥብ ጣት ሲነካው ውሃውን ካልመጠጠ ፖርሴሊን የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። ቢጫማ ወይም ግራጫ ሆኖ ውሃውን ቶሎ የሚመጥ ከሆነ ነጭ ልባስ የለበሰ ተራ ሴራሚክ ነው። ቀጭኑን ሲኒ ደግሞ ከብርሃን ፊት ይያዙትና ጣትዎን ከኋላ ያድርጉ፤ በፖርሴሊን የጣት ጥላ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ በሌላው ምንም አይታይም። በጥፍር ቀስ ብለው ቢነኩትም ፖርሴሊኑ እንደ ደወል ረዘም ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ያልተሰነጠቀ መሆኑም በዚያው ይታወቃል።

ፈተናውን ላላለፈው «የሴራሚክ ሳህን» የሚለው ትክክለኛው ነው። የቡና መጠጫዎቹን ግን ከምንም ይሠሩ ከምን «ሲኒ» ብለው ይጻፉ፤ ከፊቱ «የፖርሴሊን» ወይም «የሴራሚክ» ይጨምሩ። ደንበኛዎ ተመልሰው «‹የፖርሴሊን ሲኒ› ስትል ሁለት ጊዜ ፖርሴሊን አልክ» ቢሉዎት፣ ዐረብኛ ቢናገሩ ልክ እንደሚሆኑ ይንገሯቸው።